የወረርሽኝ ልቦለድ ለንባብ ቡድን ስትመርጡ፦ ካሙ፣ ዴፎ፣ ማንዞኒ ወይስ ሳራማጎ?

ከንባብ ጓደኞቻችሁ ጋር አንድ የወረርሽኝ ልቦለድ ለማንበብ ተስማምታችኋል እንበል። ደብረ ብርሃንም ሁኑ፣ ሸዋ ሮቢትም፣ መሐል ሜዳም፣ ጥያቄው አንድ ነው፤ የትኛውን? መጀመሪያ የሚነሳው ስም አብዛኛውን ጊዜ የአልበር ካሙ «ቸነፈር» ነው። በእንግሊዝኛ «ዘ ፕሌግ» የሚባለው ማለት ነው። ግን ብቻውን አይደለም። የዳንኤል ዴፎ አለ፣ የማንዞኒ አለ፣ የሳራማጎ አለ። በአንድ ቀን የሚያልቁ አጫጭሮችም አሉ። ሁሉም ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። ሁሉም ግን ለሁሉም ቡድን አይሆኑም።

ስለ ገጽ ብዛትና ስለ ቋንቋ ክብደት እነግራችኋለሁ። ዋናው መለኪያዬ ግን ቀብር ነው። መጽሐፉ የሞተውን ሰው እንዴት ይሸኘዋል? ማን ይቀብረዋል? ማን ያለቅስለታል? እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ እድር ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ለዓመታት ይታወስበታል። ወረርሽኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣው በዚሁ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ብዙዎቻችንን ያስጨነቀን ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ሰላምታው፣ ለቅሶው፣ ተዝካሩ እንዴት ሊሆን ነው የሚለውም ነበር። ስለዚህ አንድ የወረርሽኝ ልቦለድ ቀብርን እንዴት እንደያዘ ካየሁ፣ እኛ ቡድን ውስጥ ምን ያህል ወሬ እንደሚያስነሳ እገምታለሁ።

ለደብረ ብርሃን ሰው ስለ ቸነፈር ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከተማዋን የቆረቆሩት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በዘመናቸው ደብረ ብርሃን ላይ ታላቅ ቸነፈር ገብቶ እንደነበር ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ሟቹ ከመብዛቱ የተነሳ ቀባሪ እስከ መታጣት ደርሶ ነበር ይላል። ንጉሡም መቅሠፍቱ እንዳይቀርብ አምነው በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የኅዳር በሽታ አለ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገራችንን ሲመታ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ ታመው ነው የተረፉት። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚጨሰው ከዚያ ዘመን ትዝታ ጋር ተያይዞ ነው። እና አንድ የሰሜን ሸዋ ቡድን የሚመርጠው መጽሐፍ ይህን ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ማምጣት የሚችል መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ካሙ

ካሙ የተወለደው በ1913 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ ውስጥ ነው። «ቸነፈር» የታተመው በ1947 ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ኦራን በምትባል የአልጄሪያ የወደብ ከተማ ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 16 ጠዋት ዶክተር ሪዩ ከሥራ ክፍሉ ሲወጣ ደረጃው ላይ የሞተ አይጥ ያደናቅፈዋል። ከዚያ አይጦቹ ይበዛሉ። ከዚያ ሰው መታመም ይጀምራል። ባለሥልጣናቱ የበሽታውን ስም ለመጥራት ሲያመነቱ ጊዜ ይሄዳል። በመጨረሻ የከተማዋ በሮች ይዘጋሉ።

ለቡድን ንባብ ይህን መጽሐፍ የሚያህል አላገኘሁም። ምክንያቱ ሰዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ ለአንድ ጥያቄ የየራሱን መልስ ይዞ ይቆማል። ራምቤር እንግዳ ጋዜጠኛ ነው። ፍቅረኛው ፓሪስ ናት። «እኔ የዚህ ከተማ ሰው አይደለሁም፣ ለምን እታሰራለሁ?» ብሎ በድብቅ የሚወጣበትን መንገድ ይፈልጋል። ታሩ በጎ ፈቃደኞችን ያደራጃል። ኮታር ግን ወረርሽኙ ተመችቶታል። ከመታሰር ፍርሃት ያሳርፈዋል፣ በኮንትሮባንድም ያተርፍበታል። በ2012 ዓ.ም. የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ አንድ ሰሞን የት ደርሶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ኮታርን ሲያገኘው አይደነቅም።

እኔ በጣም የምወደው ግን ግራንን ነው። ግራን ደመወዙ ትንሽ የሆነ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነው። ማታ ማታ መጽሐፍ ይጽፋል፤ ግን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ስለ አንዲት ፈረስ ጋላቢ ሴት የጻፈውን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያስተካክላል። ቸነፈሩ ሲመጣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ቁጭ ብሎ የታማሚውንና የሟቹን ቁጥር ይመዘግባል። ያለ ጩኸት፣ ያለ ሹመት። ተራኪው በዚህ ታሪክ ውስጥ የግድ ጀግና ካስፈለገ ይሄ ሰው ይሁን ይላል። እያንዳንዳችን ቀበሌ፣ ወረዳ ወይም ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ግራን እናውቃለን። ቡድናችሁ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ በዚህ ሰው ላይ ብዙ የሚለው ይኖረዋል።

ቄሱ ፓንሉም አሉ። ሁለት ስብከት ይሰብካሉ። በመጀመሪያው ወረርሽኙ የኃጢአታችሁ ዋጋ ነው ይላሉ። ቃላቸው «እናንተ» ነው። ከዚያ አንድ ሕፃን ዓይናቸው እያየ ተሠቃይቶ ይሞታል። በሁለተኛው ስብከት «እናንተ» ቀርቶ «እኛ» ይሆናል። ጽዋ ማኅበር ለሚጠጣ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ላደገ ሰው ከዚህ የበለጠ መወያያ ከየት ይመጣል? ሁለቱን ስብከቶች ለሁለት አንባቢ አከፋፍላችሁ በተከታታይ አስነብቡ። ለውጡ ራሱ ይናገራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሕፃኑ አሟሟት ረጅምና ከባድ ነው። ልጅ የቀበረ ሰው ቡድኑ ውስጥ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት። ያን ቀን ባይመጣ አትውቀሱት።

ወደ መለኪያዬ ልመለስ። የመጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ከሁሉም አጭሩ ነው፤ ትልቁ ጉዳዩም ቀብር ነው። መጀመሪያ የሚቀረው ከአስከሬን ጋር ማደር ነው። ከዚያ ቀብሩ ይፋጠናል። ሳጥን ሲያልቅ ያው ሳጥን ታጥቦ ተመልሶ ያገለግላል። ለወንዶችና ለሴቶች ለየብቻ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ለጨዋነት ተብሎ። በኋላ ይህም ይቀርና ሁሉም በአንድ ላይ ይጣላል። ቤተሰብ መዝገብ ላይ ይፈርማል፣ በቃ። መጨረሻ ላይ አስከሬን የጫነ ትራም ሌሊት በባሕሩ ዳር ወደ ማቃጠያው ይጓዛል። ሰዎች ተደብቀው ጠብቀው አበባ ይወረውሩበታል። ካሙ ይህን የሚጽፈው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እንደ መዝገብ ሠራተኛ ነው። ለቅሶ በሚያውቅ ሕዝብ መሐል ይህ ክፍል ጮክ ተብሎ ሲነበብ ቤቱ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የራሱን ይናገራል።

ጉድለቱንም ልናገር። ኦራን የአልጄሪያ ከተማ ናት፤ አረቦቹ ግን መጽሐፉ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ራምቤር መጀመሪያ የመጣው ስለ አረቦቹ የኑሮ ሁኔታ ሊጽፍ ነበር። በሩ ከተዘጋ በኋላ ጉዳዩ ተረስቶ ይቀራል። ለአፍሪካዊ አንባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዶክተሩ ሚስትም ገና በመጀመሪያው ለሕክምና ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳለች፤ ሴቶች ቦታቸው ትንሽ ነው። መጽሐፉ ናዚዎች ፈረንሳይን የያዙበትን ዘመን በምሳሌ የሚናገር ነው ተብሎ ሲነበብ ኖሯል። ይህም ንባብ ትክክል ነው። ግን ምሳሌውን ስናሳድድ እነዚያ ያልተጻፉ ሟቾች እንዳይረሱ እፈልጋለሁ። «የአረቦቹን ቀብር ማን መዘገበ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በእንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ ሦስት ትርጉም ታገኛላችሁ። የስቱዋርት ጊልበርት የ1948 ነው (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አሮጌ መጻሕፍት መሐልም ሆነ በሶፍት ኮፒ ሲዘዋወር የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ያምራል፣ ግን ዓረፍተ ነገሩን ከካሙ በላይ ያስጌጣል። የሮቢን ባስ የ2001፣ የሎራ ማሪስ ደግሞ የ2021 ነው። ሁለቱ ለካሙ ደረቅ አጻጻፍ ይቀርባሉ። ምርጫ ካላችሁ ከሁለቱ አንዱን ውሰዱ። ከሌላችሁ ጊልበርት በቂ ነው። ዋናው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መያዙ ነው። አለበለዚያ ግማሹ ቡድን «እኔ ጋ እንደዚህ አይልም» ሲል ሰዓቱ ያልቃል።

ዴፎ

ዳንኤል ዴፎ «የቸነፈሩ ዓመት ማስታወሻ»ን ያሳተመው በ1722 እ.ኤ.አ. ነው። የሚናገረው ስለ 1665ቱ የለንደን ቸነፈር ነው። ያኔ ደራሲው የአምስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። መጽሐፉን ግን ሁሉን በዓይኑ እንዳየ ሰው ነው የጻፈው። ተራኪው ኤች.ኤፍ. የሚባል ኮርቻ ነጋዴ ነው። ልሽሽ ወይስ ልቆይ ብሎ ሲጨነቅ መጽሐፍ ቅዱሱን እንዲያው ይገልጣል። የወጣለት «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለው መዝሙር ነው። ይቆያል። ይህን መዝሙር በቃሉ የሚደግም ሰው እዚህ አገር ስንት ነው! ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ ከተራኪው ጋር ትዛመዳላችሁ።

ከካሙ የሚለየው ምኑ ነው? ካሙ ሰዎችን ይሰጣችኋል፣ ዴፎ ከተማን ይሰጣችኋል። በየሳምንቱ የሚወጣው የሟቾች ዝርዝር በየገጹ አለ። በ2012 ማታ ማታ «ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ» የሚለውን መግለጫ ስንጠብቅ እንደነበረው የለንደን ሰዎችም ያን ዝርዝር ይጠብቃሉ። ቁጥሩ ሲቀንስ ይጀግናሉ፣ ሲጨምር ይደነግጣሉ። አንድ ሰው የታመመበት ቤት ከነቤተሰቡ ይዘጋል፤ በሩ ላይ ቀይ መስቀል ይቀባል፤ ዘበኛ ሌት ተቀን ይቆማል። ሰዎች በጓሮ ያመልጣሉ፣ ዘበኛውን በገንዘብ ይይዛሉ። ተራኪው ይህ አዘጋግ ልክ ነበር ወይ ብሎ መላልሶ ይሟገታል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለይቶ ማቆያ ሆነው የነበሩበትን ጊዜ ለሚያስታውሱ ተማሪዎችና የጤና ባለሙያዎች ይህ ክርክር ሕያው ነው።

ቀብሩ ደግሞ ለማየት የሚከብድ ነው። ተራኪው አንድ ሌሊት አልድጌት ወደሚባለው ሰፈር ትልቅ ጉድጓድ ይሄዳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ 1114 አስከሬን እንደገባበት ይነግረናል። እዚያ አንድ ሰው ያያል። ሰውየው ሚስቱንና ልጆቹን ከጫነው ጋሪ ኋላ በእግሩ ተከትሎ መጥቷል። በሥርዓት ይቀበራሉ ብሎ አስቦ ነበር። ጋሪው ጉድጓዱ ውስጥ ሲገለብጣቸው ግን ይጮኻል። በልቦለድ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የቀብር ገጽ ያነበብኩት አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

የዴፎ ችግር አጻጻፉ ነው። ምዕራፍ የለውም። የድሮ እንግሊዝኛ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይላል። እንግሊዝኛው የማያስቸግረው አንባቢ እንኳ ይደክመዋል። ለቡድን ከመረጣችሁት ሙሉውን አትያዙ። መጀመሪያውን፣ የጉድጓዱን ሌሊት፣ የቤት መዝጋቱን ክርክርና ከለንደን ሸሽተው በገጠር የሚንከራተቱትን የሦስቱን ሰዎች ታሪክ ምረጡ። ሦስቱ ሰዎች መንደር በደረሱ ቁጥር ይከለከላሉ። ከተማ ሲጨንቀው ወደ ገጠር የሚሄደውን ሰውና የገጠሩን ሰው ፍርሃት ከሁለቱም ወገን ያሳያል። መንዝ ወይም ሞረት ዘመድ ያለው ሁሉ የሚያወራው አለው። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ በነፃ መገኘቱ ነው። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው የነፃ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ በስልካችሁ ማውረድ ትችላላችሁ፤ ሕጋዊ ነው።

ማንዞኒ

ያ አንድ ገጽ ያለው እዚህ ነው። የአሌሳንድሮ ማንዞኒ «እጮኛሞቹ» መጀመሪያ በ1827 እ.ኤ.አ. ታተመ። የመጨረሻ መልኩን የያዘው ከ1840 እስከ 1842 ባለው ጊዜ ነው። የሚናገረው ስለ ሬንዞና ሉቺያ ነው። ሁለት የገጠር ወጣቶች ሊጋቡ ነው፤ ዶን ሮድሪጎ የሚባል ባላባት ልጅቷን ፈልጎ ሰርጉን ያስከለክላል። የሰበካው ቄስ ፈሪ ናቸው፣ ደፋር መነኩሴ ደግሞ አለ። ባላባት፣ ጭሰኛ፣ ቄስ፣ ያልተፈቀደ ፍቅር። በአማርኛ ልቦለድ ላደገ አንባቢ ይህ ዓለም እንግዳ አይሆንበትም።

ቸነፈሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ከ38 ምዕራፎች 31ኛው ላይ። ከዚያ በፊት ረሃብ አለ፣ የዳቦ ሁከት አለ፣ ጦር አለ። ረሃብ፣ ጦርና ቸነፈር፤ በጸሎታችን ውስጥ አብረው የሚጠሩት ሦስቱም በተራ ይመጣሉ። ማንዞኒ የ1630ውን የሚላኖ ቸነፈር ሰነድ አገላብጦ ነው የጻፈው። ሰዎች መጀመሪያ ቸነፈር የለም እንዳሉ፣ ቀጥሎ ስሙን ሊጠሩት እንዳልወደዱ፣ በመጨረሻም መርዝ የቀቡ ሰዎች ያመጡት ነው ብለው ንጹሐንን እንዳሳደዱ አንድ በአንድ ያሳያል። ስለ ሐሜትና ስለ ወሬ መወያየት የሚፈልግ ቡድን ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ካሙ እንኳ እዚህ ላይ አይደርስበትም።

34ኛው ምዕራፍ ላይ አንዲት እናት አለች። የሞተች ትንሽ ልጇን ነጭ አልብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ እንደ በዓል ቀን አስውባ ታቅፋ ከቤቷ ትወጣለች። አስከሬን የሚሰበስበው ሰውዬ እጁን ሲዘረጋ አትሰጠውም። ገንዘብ ትሰጠዋለች፣ ከልብሷ አንድ ክር እንዳይነካ ቃል ታስገባዋለች፣ ልጇን ራሷ ጋሪው ላይ ታስተኛታለች። ከዚያ «ማታ ስትመለስ እኔንም ውሰደኝ» ትለዋለች። ሌላዋ ልጇ ቤት ውስጥ እየሞተች ናት። ሥርዓት ሁሉ በፈረሰበት ከተማ አንዲት እናት ብቻዋን ሥርዓቱን ትጠብቃለች። ይህን ገጽ ያነበበ ሰው እድር ለምን እንዳለን ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ እንደ ኅትመቱ 700 ገጽ ገደማ ይሆናል። በየወሩ አንዴ ለሚገናኝ ቡድን ከባድ ነው። ለመምህራን፣ ለጡረተኞች፣ ክረምቱን ሙሉ አብረው ለሚያነቡ ቤተሰቦች ግን ከሁሉም በፊት ይህን ነው የምመርጠው። የድሮ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በነፃ ይገኛል። የብሩስ ፔንማን የ1972ቱ እና የማይክል ሙር የ2022ቱ (እ.ኤ.አ.) ግን በጣም ይቀላሉ።

ሳራማጎ፣ በጥንቃቄ

የፖርቱጋላዊው ዦዜ ሳራማጎ «ዕውርነት» በ1995 እ.ኤ.አ. ታተመ። ደራሲው በ1998 ኖቤል ተሸለመ። አንድ ሰው መኪና እየነዳ መብራት ላይ እንደቆመ በድንገት ዓይኑ ይጠፋል። ጨለማ አይደለም የሚያየው፣ ነጭ ነው። በሽታው ይዛመታል። መንግሥት የታወሩትን አሮጌ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ያጉራል። የምታየው የዓይን ሐኪሙ ሚስት ብቻ ናት፤ ከባሏ ላለመለየት ታውሬአለሁ ብላ ነው የገባችው። ሰዎቹ ስም የላቸውም። ንግግር በትእምርተ ጥቅስ አልተለየም። ሃያ ገጽ ታግሳችሁ ካለፋችሁ ይለመዳል።

የታወሩ ሰዎች ግቢው ውስጥ ጓደኞቻቸውን የሚቀብሩበት ቦታ አለ። ድንቅ ነው። ግን መጽሐፉ ምግብ በጉልበተኞች እጅ ሲገባ ሴቶች ላይ የሚደርሰውን ግፍ በግልጽ ይጽፋል። በከተማችን ዳርቻ በመጠለያ የኖሩ፣ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች አብረውን አሉ። የእነሱን ታሪክ የማታውቁት አዲስ ቡድን ውስጥ ይህን መጽሐፍ አታስገቡ። እርስ በርስ የምትተማመኑ፣ ለዓመታት የተዋወቃችሁ ጓደኛሞች ከሆናችሁ ግን አንብቡት። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን ትዕይንትም ብዙ ክርክር ያስነሳል፤ ሥዕሎቹና ሐውልቶቹ ሁሉ ዓይናቸው ተሸፍኖ ይገኛል። ተዘጋጅታችሁ ግቡበት።

አጫጭሮቹ፣ እና አንድ የማይመለከተው

ጊዜ የሌላችሁ የካትሪን አን ፖርተርን «ፔል ሆርስ፣ ፔል ራይደር» ውሰዱ። በ1939 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ100 ገጽ በታች የሆነ አሜሪካዊ ሥራ ነው። ርእሱ የዮሐንስ ራእይን ሐመር ፈረስ ያስታውሳል። ለእኛ የሚያቀርበው ሌላ ነገር ነው፤ በሽታው ያው የኅዳር በሽታ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. እዚህ ሰው ሲያልቅ ዴንቨር ከተማ ሚራንዳ የምትባል ጋዜጠኛ በዚያው ኢንፍሉዌንዛ ትወድቃለች። ደራሲዋ ራሷ ያኔ ዴንቨር ውስጥ ታማ ለጥቂት ነው የተረፈችው። እዚህ ቀብር የለም። መርዶ በደብዳቤ ይመጣል፣ እርም ማውጫ የለም። ለዚህ ነው የሚያመው። ለኅዳር 12 ሰሞን ከዚህ የተሻለ ንባብ አላውቅም። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ በሚበረታበት ወር ባና ለብሶ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ነው።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጃክ ለንደን «ዘ ስካርሌት ፕሌግ» ይሻላል። በ1912 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በነፃ የሚገኝ፣ ቀላል እንግሊዝኛ ነው። በ2073 እ.ኤ.አ. አንድ ሽማግሌ ከ60 ዓመት በፊት ዓለምን ስለጨረሰው ቸነፈር ለልጅ ልጆቹ ያወራል። ልጆቹ ይቀልዱበታል። ሽማግሌው ድሮ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር፤ መጻሕፍቱን ዋሻ ውስጥ ደብቋል። ሰዎቹ ከካሙ ሰዎች ጋር አይወዳደሩም፣ ዘመኑ ያመጣው የዘር አመለካከትም አለበት። ልጆቹን እሱንም እንዲያዩ አድርጓቸው።

የጋርሲያ ማርኬዝ «ፍቅር በኮሌራ ዘመን» በ1985 የወጣ ግሩም የፍቅር መጽሐፍ ነው። በርእሱ ተስባችሁ ለዚህ ዓላማ አትምረጡት። ኮሌራው ከበስተጀርባ ነው። የቦካቺዮ «ዴካሜሮን»ም ልቦለድ ሳይሆን የ100 ተረቶች ስብስብ ነው። በ1348 ፍሎረንስ ላይ ዘመድ ዘመዱን እንዴት እንደሸሸ የሚናገረውን መግቢያውን ብቻ ኮፒ አድርጋችሁ ከዴፎ ጋር አንብቡት።

እንዴት እንካፈለው?

ብዙ ጊዜ ያለው አንድ የታተመ ቅጂና ብዙ ስልክ ነው። አንዱን መጽሐፍ በተራ ማዟዟር ደስ ይላል፤ ግን የመጨረሻው ሰው እስኪደርሰው የመጀመሪያው ይረሳል። በተራ የሚዞር መጽሐፍ ለማንዞኒ ይሆናል፤ ምክንያቱም እሱን እንደ ታሪክ ነው የምትከተሉት። ካሙ ግን ሁሉም እኩል ሲያነበው ነው የሚያምረው። አምስት ክፍል ስላለው አምስት ጊዜ ተገናኙ። ሦስተኛውን ክፍል ማንም ቤቱ አያንብብ፤ እዚያው ተሰብስባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

እንግሊዝኛው የማይገፋላቸው ሰዎች ካሉ አታስቀሯቸው። በየስብሰባው አንድ ጥሩ አንባቢ የክፍሉን ታሪክ በአማርኛ ይተርክ፤ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ደግሞ ቃል በቃል አስቀድሞ ተርጉሞ ይምጣ። እንደዚህ ሲሆን የቤቱ አዛውንቶችም ይገባሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ስለ ኅዳር በሽታ ምን ይወራ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የሚቻለው ያኔ ነው። ከእናታቸው ወይም ከአያታቸው የሰሙትን አንድ ሰው ይጻፈው። የሚጠፋ ነገር ነው።

አስተያየት ስትሰጡም «ወደድኩት፣ አልወደድኩትም» አይበቃም። ካሙን ላነበበ፦ በሩ ሲዘጋ አንተ ራምቤርን ነበር የምትሆነው ወይስ ታሩን? ዴፎን ላነበበ፦ ቤት መዝጋቱ ልክ ነበር? ማንዞኒን ላነበበ፦ በ2012 እኛ መሐል «መርዝ ቀቢ» ተብሎ የተጠረጠረ ማን ነበር? ከውጭ የመጣ ሰው? ሾፌር? የታመመ ጎረቤት? ይህ ጥያቄ ሰው ሊያስከፋ ይችላል፤ ቢሆንም መጠየቅ አለበት። ሁለት መጽሐፍ ያነበበ ሰው ካለ ደግሞ የሁለቱን ቀብር አቀራርቦ ያሳየን።

አሁን የጀመራችሁ ቡድን ከሆናችሁ ካሙን ያዙ። ጨርሳችሁ ወደ ማንዞኒ መሻገር ከፈለጋችሁ፣ ወፍራሙን መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ከ31 እስከ 37 ያሉትን ምዕራፎች ብቻ አብራችሁ ሞክሩ። የሬንዞንና የሉቺያን ታሪክ እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው በአጭሩ ይንገራችሁ። 34ኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ልጅ ያሳደገች ሴት ታንብብላችሁ።